እግር የሚደርስበት ውኃ

ለገዳዲ ላይ ውኃ ይታያል እንጂ አይነካም። በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ለገጣፎን ያለፈ መንገደኛ፣ ከተማይቱ ከቧንቧ ከምትቀዳው ውኃ ከፊሉን እዚህ ተኝቶ ያገኘዋል። ግድቡ ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በቡራዩ በኩል ያለው ገፈርሳ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ በመሆኑ ታላቁ ነው፤ ጎረቤታችን የድሬ ግድብ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. የመጣ ታናሹ። ከአምሳ ዓመት በላይ የሰፈራችን ሰው ይህን የሚያህል ውኃ አጠገቡ ተኝቶ እያየ ኖሯል። ልጅ አሳድጓል፤ ከብት አሰማርቷል፤ ዋና ግን አልተማረም። የሚጠጣ ውኃ ነውና ጠባቂ አለው፤ ሰው እንዳይገባበት ይከለከላል፤ ክልከላውም ተገቢ ነው። ባይከለከልስ ማን ይደፍረዋል? ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተኛ ውኃ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከየማሳው የታጠበው አፈር ይወርድበትና ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ማጣሪያ ጣቢያው ያንን ሻይ አርግቶና አጥልሎ ንጹሕ አድርጎ ወደ ከተማ ይሰደዋል፤ እኛ ግን ከዳር ቆመን እጃችንን ብንነክርበት ጣታችንን አናየውም።

ይህን የማወራው ስለ መጠጥ ውኃ ልጽፍ ፈልጌ አይደለም። ዋና የማያውቁ እናትና አባት፣ ዋና የማያውቁ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ዓሣ የሚያዩበት፣ ሲደክማቸው ደግሞ በእግራቸው ቀጥ ብለው የሚቆሙበት ቦታ ይገኛል ወይ? የሚለው ጥያቄ ሁለት ዓመት ያህል ሲያንከራትተኝ ስለቆየ ነው። ጥያቄው የቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ።

ነገሩን የጀመረው የእኅቴ ባል ነው። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በ2009 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን፣ ከወትሮው ቴምርና ሽቶ ሌላ፣ ለልጆቼ ሁለት የውኃ መነጽር ከነመተንፈሻ ቱቧቸው ይዞ መጣ። የፈረንጅ ልጆች እነዚህን አጥልቀው ባሕር ላይ በሆዳቸው ተኝተው ሲንሳፈፉ አይቶ ቀንቶ ነው። «የእኛዎቹ ከማን ያንሳሉ?» አለና ከሻንጣው አውጥቶ ሰጣቸው። ልጆቹ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሞልተው፣ ፊታቸውን ነክረው፣ ከሳፋው ወለል ላይ የተሣለውን አበባ ሲመለከቱ ዋሉ። ትንሿ ልጄ ብቅ ብላ «አባዬ፣ አበባው አደገ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሰው ዓይን ውኃ ሲነካው አጥርቶ ማየት አይችልም፤ መነጽሩ በዓይንና በውኃ መካከል አየር ያስቀምጥለታል፤ በዚያ ውስጥ ሲታይ ግን ነገር ሁሉ ከመጠኑ በሲሶ ያህል ተልቆ፣ በሩብ ያህል ቀርቦ ነው የሚታየው።

ትልቁ ልጄ ያን ጊዜ አሥር ዓመቱ ነበር። እርሱን የማረከው ቱቦው ነው። «ረዥም ቱቦ ብንቀጥልበት ከግድቡ ሥር በእግሬ እየሄድኩ እመጣለሁ» አለ። ይህ አይሆንም፤ ምክንያቱም ውኃ ይከብዳል። አንድ ሜትር ብቻ ጠልቆ በቱቦ ልተንፍስ የሚል ሰው፣ ደረቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት ሳንባውን ሊያስከፍተው አይችልም። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ያስወጣውን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስበዋል። ስለዚህ ነው ቱቦው ከ40 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጠው፤ ለሚጠልቅ ሳይሆን ከውኃው ፊት ላይ ለሚተኛ ሰው የተሠራ ነው። ዋና ለማያውቅ ሰው የሚመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለመተንፈስ ሲባል አንገትን ቀና እያደረጉ ከውኃ ጋር መታገል የለም። ሆድን ለውኃ መስጠት፣ ቱቦውን መንከስ፣ በቀስታ መተንፈስ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቱቦው ውኃ የገባበት እንደሆነ፣ ልብም የደነገጠ እንደሆነ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙበት መሬት።

ያ መሬት ነው የጠፋው።

በቤታችን ስለ ውኃ የመናገር ሥልጣን ያላት አማቴ ናት። ባሏ የባሕር ኃይል ባልደረባ ስለነበሩ ምጽዋ ላይ ዓመታት ኖራለች፤ ባለቤቴም ልጅነቷን ያሳለፈችው እዚያው ነው። አማቴ ከምጽዋ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ስለሚገኘው ስለ ጉርጉሱም ስታወራ ድምፅዋ ይለሰልሳል። አሸዋው ወደ ባሕሩ የሚወርደው እንደ ሜዳ ነው። ልጅ ወደ ውስጥ ቢሄድ ቢሄድ ውኃው ከጉልበቱ ወደ ወገቡ ለመድረስ ይለግማል። «ልጆቹን ባሕር ውስጥ ለቅቄ ቡና አፈላ ነበር» ትላለች። ባለቤቴ ቀይ ባሕር ዳር አድጋ ዋና አለማወቋ የሚያስገርመው ብዙ ሰው ነው። መልሷ አጭር ነው፤ «እግሬ መሬት ለቆ አያውቅም ነበር፤ ለምን ብዬ እማራለሁ?»

ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በጦርነት ስትያዝ ቤተሰቡ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃነቷን አወጀች፤ በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ጦርነት ተነሣ፤ መንገዱም ተዘጋ። ስለ ወደብ ማጣት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጭነት፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ መርከብ። ልጅ ለቅቀው ቡና የሚያፈሉበት ውኃ አብሮ መሄዱን ግን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ለደገኛው የቀረለት ውኃ ሌላ ዓይነት ነው፤ አባቶች እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት።

እንዴት እያሳሳቀ እንደሚወስድ በዚያው ዓመት ክረምት በሰፈራችን አየነው። ከመንደራችን በላይ ለግንባታ የሚሆን ድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣባቸው ጉድጓዶች አሉ። ድንጋዩ ወጣ፤ ማሽኑ ሄደ፤ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሞላው። ጥቂት ፀሐይ በወጣች ቀን አምስት ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ገቡ። ከዳር ያለው ውኃ ከጉልበት አይበልጥም፤ የመኪና መግቢያ የነበረው ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ልጆቹ ሲረጫጩ፣ ሲሳሳቁ፣ አንደኛው ወደ ኋላው ሁለት እርምጃ ሄደ። ሁለተኛው እርምጃ ያረፈው ድንጋዩ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ ይህን መጽሔት ታነበው ይሆናል። ጓደኞቹ የተናገሩት ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። «አልጮኸም» ነው ያሉት። «የሚጫወት መስሎን ነበር።»

ይህ የእነርሱ ጥፋት አይደለም። የሚሰጥም ሰው እንደ ሲኒማው እጁን እያወናጨፈ አይጣራም። አፉ ከውኃው በላይ የሚቆየው ለአፍታ ነው፤ ያቺን አፍታ የሚጠቀምባት አየር ለመሳብ እንጂ ለመጮኽ አይደለም። እጆቹም ውኃውን ወደ ታች ለመጫን ወደ ጎን ይዘረጋሉ፤ ለማውለብለብ አይነሡም። ከዳር ለሚያየው ዝም ብሎ የቆመ ሰው ይመስላል። የእሳትና አደጋ ሠራተኞች ደርሰው አስከሬኑን እስኪያወጡ ድረስ፣ ልብሱን ታቅፎ ቆሞ የነበረ አንድ ልጅ ነበር። የትልቁ ልጄ የክፍል ጓደኛ ነው። ልብሱን ተቀበሉት ቢባል አልለቅም አለ።

የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ክረምት በመጣ ቁጥር ስለነዚህ ኩሬዎች ያሳስባል፤ ዜናውም ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰማል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 በዓለም ላይ ውኃ የወሰዳቸው ሰዎች 300,000 ያህል ናቸው። በእኛ ሰፈር ለወራት የተወራው ግን አንዱ ብቻ ነው። ከቀብሩ በኋላ አማቴ ሁለቱን መነጽሮች ከቁም ሣጥን አናት ላይ አወጣቻቸውና «ወይ ጣሏቸው፣ ወይ የሚሆኑበትን ቦታ ፈልጉላቸው» አለች። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ልጅን ከውኃ የሚጠብቀው የውኃን ጠባይ ማወቁ ነው የሚል እምነት አለኝ፤ ውኃን ሳያውቅ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ኩሬ ዳር መቆሙ አይቀርም።

ፍለጋውን የጀመርኩት፣ እንደማንኛውም የከተማ ሰው፣ ከቢሾፍቱ ነው። ቅርብ ነው፤ ያምራል፤ ውኃው ከለገዳዲው ይልቅ የጠራ ነው። ነገር ግን ሆራም፣ ባቦጋያም፣ የቢሾፍቱ ሐይቅም እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተዋቸው ጉድጓዶች ናቸው። ሆራ 38 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ገደማ ይጠልቃሉ። ጥልቀቱ በራሱ ክፋት የለውም። ክፋቱ እንደ ድስት ውስጠኛ ጎን ከዳሩ ጀምሮ መውረዱ ነው። የሐይቁን ዙሪያ ያጠረውን ገደል ያየ ሰው፣ ገደሉ የውኃው ፊት ላይ ሲደርስ እንደማይቆም ማሰብ ይገባዋል። ያ ደረቅ ገደል በዚያው ቁልቁለት ነው ወደ ውስጥ የሚቀጥለው። በየዓመቱ ሐይቁ ሰው ይገብራል የሚል ወሬ በአገሬው ዘንድ አለ። ግብሩን የሚያስገብረው ይኸው ቁልቁለት ይመስለኛል። ልጆቼን ይዤ አንድ ሙሉ ቀን ከዳር ተቀምጠን ቆሎ በላን፤ አንዳቸውም አልገቡም። የድንጋይ ማውጫው ጉድጓድና የእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ለዋና ለማያውቅ ሰው አንድ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሐይቅ ስመርጥ ስለ ጥልቀቱ መጠየቅ ተውኩ። የምጠይቀው ሦስት እርምጃ ገብቼ ውኃው የት እንደሚደርስ፣ አሥር እርምጃ ገብቼ የት እንደሚደርስ ሆነ። ላንጋኖን ውሰዱት። ከ45 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለው፤ ከጣና ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ነገር ግን መታጠቢያ በሆነው ዳርቻው ወለሉ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ጣናን የሚያህል ሐይቅ ከ14 ሜትር አይበልጥም፤ ዝዋይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በሁለቱም ግን ልጅን ዘፍዝፎ ለማዋል የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ቢልሃርዝያ፣ ጉማሬ። ከጫሞ አዞዎች ጋርማ ጨዋታ የለም። ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነፃ እንደሆነ ሲነገርለት የኖረ፣ አዲስ አበባ ያፈራችው ጎልማሳ ሁሉ በልጅነቱ አንድ ጊዜ የተንቦራጨቀበት ሐይቅ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሄድን። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጆቹ መኪና ውስጥ መነጽራቸውን አጥልቀው ነበር የሚሄዱት። ደርሰን፣ እኔ ቀድሜ በእግሬ እየዳበስኩ ገብቼ፣ ውኃው ከወገቤ ያለፈበት ቦታ ላይ ባለቤቴ ባሰረችልኝ ነጭ ነጠላ ምልክት የያዘ እንጨት ተከልኩ። ከዚያ ወዲህ የልጆቹ፣ ከዚያ ወዲያ የማንም። ቢጫ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቀን ገመድ አስረን አዘጋጀን። ይህን የነገረኝ የእኅቴ ባል ነው፤ ባዶ ጀሪካን ሰው ይሸከማል፤ ዋና የማያውቅ ሰው ለሚሰጥም ሰው ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ደግነት ከዳር ሆኖ ጀሪካን መወርወር፣ እንጨት ወይም የተቋጠረ ነጠላ ማቀበል እንጂ ተከትሎ መዝለል አይደለም። ተከትሎ የዘለለው አባት ወይም ወንድም ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሬሳ ነው የሚሆነው።

ልጆቹ ተኙ። ቱቦዎቹ ብቻ ከውኃው በላይ እንደ ሁለት ሸምበቆ ቆሙ። አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ትንሿ ተነሣችና መነጽሯን አውልቃ ተመለከተችው። ወደ ውጭ አገላበጠችው። «ተበላሽቷል» አለች። አልተበላሸም። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው። ደለሉ እጅግ የላመ በመሆኑ ነፋስ እያማሰለው ሳይዘቅጥ ይኖራል፤ ፊቱን የነከረ ሰው የሚያየው የገዛ አፍንጫውን ያህል ርቀት ነው። ደኅንነቱን አገኘን፤ ዓሣው ቀረ። የስምጥ ሸለቆው ባለ ወተት ሻይ ከለገዳዲው የሚሻለው በሙቀቱ ብቻ ነው ብዬ ባለቤቴን አሳቅኋት።

ቢሆንም ላንጋኖ ያለ ፍሬ አልቀረም። ሦስት ቀን ሙሉ ልጆቹ ምንም የማይታይበት ውኃ ላይ ተኝተው መተንፈስን ተማሩ። ቱቦው ውኃ ሲገባበት በኃይል «ቱ!» ብሎ ማስወጣትን፣ ሲደነግጡ ጉልበትን አጥፎ እግርን ወደ ታች መስደድን፣ መሬት ሲነኩ ቀጥ ብሎ መቆምን። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። በሆዱ የተኛ ሰው ግን ደንግጦ ቢወራጭ ወገብ በማይደርስ ውኃ ውስጥ መቆም ሊያቅተው ይችላል። እኔ ራሴ በአርባ ሁለት ዓመቴ እዚያው ተማርኩት፤ ሴት ልጄ ናት ያስተማረችኝ።

ታዲያ የጠራ ውኃ በአገር ውስጥ ጠፍቶ አይደለም። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ፍልውኃው አለ፤ ዘንባባ መሐል የተኛ፣ ሰማያዊ፣ እስከ ወለሉ የሚታይ። ግን ይፋጃል፤ ልጅ ተኝቶበት የሚውል አይደለም። በሶደሬ የልጆች ገንዳ መቆም ይቻላል፤ ከወለሉ ሲሚንቶ በቀር የሚታይ የለም። ወንጪንና ዘንገናን የመሰሉት የደጋ ሐይቆች ደግሞ ያው የቢሾፍቱ ዘመዶች ናቸው፤ የጠሩ፣ የቀዘቀዙ፣ እንደ ድስት የሚወርዱ። ካርታ ዘርግቼ ሳየው፣ እኔ የምደርስባቸው ውኃዎች በሁለት ተከፍለው ታዩኝ፤ የሚታይባቸው አያስቆሙም፤ የሚያስቆሙት አያሳዩም። ሁለቱ የሚገናኙት ባሕር ዳርቻ ነው፤ ያውም አሸዋና የባሕር ድንጋይ ባለበት፣ ወንዝ ደለል በማያመጣበት ሞቃት ባሕር። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ እንዲያ ናቸው።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የአዲስ አበባና የአሥመራ በረራ ሲጀመር አማቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ አለቀሰች። መስከረም ላይ የየብስ ድንበሩም ተከፈተ። «ጉርጉሱም እንሄዳለን» ተባለ፤ ገንዘብ ማጠራቀም ተጀመረ። ድንበሩ ግን ወራት ሳይቆይ እየተዘጋ ሄደ፤ በረራውም ቢሆን በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ተቋረጠ። ያን ጊዜ የተጠራቀመው ገንዘብ አምስት ሰው በአውሮፕላን የሚያስኬድ አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ባሕር የሚወስደው ሐዲድ መነሻው ከእኛው ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች አንዷ ከሆነችው ከሰበታ ነው። አዲሱ የባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ይገባል፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ጥር፣ አምስት ሆነን ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተሳፈርን። ድሬዳዋ ዘመድ ቤት አድረን ነጋድ ደረስን። ወሩን የመረጥነው ዐውቀን ነው። ጅቡቲ በበጋዋ ምድጃ ናት፤ ሰው ባሕር የሚወርደው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በዚያው ወራት አርታ በሚባለው ዳርቻ ዓሣ ነባሪ የሚያካክሉ ሻርኮች እየመጡ ከባሕሩ ፊት ላይ ጥቃቅን ነፍሳት እየዋጡ ይዞራሉ። ሰው አይነኩም ይባላል፤ ውኃው ግን የሚያስቆም ስላልሆነ እኛም አልነካናቸውም።

እኛ የሄድነው ሙሻ ወደምትባለው ደሴት ነው። ከከተማው ፊት ለፊት ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ናት፤ በጀልባ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ጀልባ ነጂው ሱማሌኛና ፈረንሳይኛ የሚናገር፣ አማርኛም ከእኛ ሾፌሮች የለቀመ ሽማግሌ ነበር። ተንሳፋፊ ሰደርያ ለአምስታችንም ካላመጣ እንደማንሳፈር የእኅቴ ባል አስቀድሞ ነግሮት ነበርና አመጣ። አማቴ በሐበሻ ቀሚሷ ላይ ብርቱካናማውን ሰደርያ ደርባ ጀልባው መሐል እንደ ንግሥት ተቀመጠች። ሽማግሌው ወደ ውኃው ከመውረዳችን በፊት ሦስት ነገር አስጠነቀቀን። አንደኛ፣ በባዶ እግር እንዳትረግጡ፤ ጥቁር እሾሃም ኳስ የሚመስል ፍጡር አለ፤ ድንጋይ መስሎ አሸዋ ላይ የሚተኛ መርዘኛ ዓሣም አለ። ለዚህ እኛ ተዘጋጅተን ነበር፤ ሁላችንም ኮንጎ ጫማ አድርገናል፤ ለባሕር የሚሆን ጫማ ከዚያ የተሻለ ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ የባሕሩ ድንጋይ ድንጋይ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር የሠራው ቤት ነው፤ አትቁሙበት፤ አሸዋው ላይ ቁሙ። ሦስተኛውን ለደገኛ ማስረዳት አስቸገረው። ባሕሩ እንደ ሐይቅ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ሲሞላና ሲጎድል ይውላል፤ አሁን ወገባችሁ ጋ ያለው ከሰዓት በኋላ አንገታችሁ ጋ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በላንጋኖ የተከልኩት ዓይነት እንጨት እዚህ ይዋሻል። በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል። ለካንም።

ልጆቹ ተኙ። እኔ አጠገባቸው ወገቤ ድረስ ገብቼ ቆሜ፣ ሁለቱን ቱቦዎች ስጠብቅ ነበር። የትልቁ ልጄ ቱቦ ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ እየተናገረ ነው። ምን እንደሚል አይለይም። ከዚያ እኔም መነጽር አድርጌ ተኛሁ። አሸዋው ነጭ ነው፤ የፀሐይዋ ጨረር በላዩ ላይ እንደ መረብ ይንቀሳቀሳል። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቢጫና ጠፍጣፋ ዓሦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ያልፋሉ። አረንጓዴና ሰማያዊ የሆነ፣ አፉ እንደ በቀቀን የቆለመመ ዓሣ ድንጋዩን ሲግጥ ኮርሸም ኮርሸም የሚል ድምፁ ይሰማል። እግሬን ቁልቁል አየሁት፤ ኮንጎ ጫማዬን፣ የጫማዬን ቀዳዳ፣ ጫማዬ አጠገብ የሚሄደውን ጣት የማታክል ሸርጣን። የቆምኩበትን ውኃ ወለል ሳየው በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር።

ባለቤቴ መነጽር አላስፈለጋትም። ቀሚሷን ሰብስባ እየሄደች፣ እየሄደች፣ ከሁላችንም ራቀች፤ ውኃው ግን ከጉልበቷ በላይ አልወጣም። አማቴ ከዳር ሆና ስትመለከታት ቆየችና «እንዲህ ነበር» አለች። ቡና ግን አላፈላችም፤ የጀልባው ሽማግሌ እሳት አይፈቀድም አላት፤ ሲመሽም ቂሙን አልረሳችለትም።

ወጪው ቀላል አልነበረም። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ባቡር፣ ጅቡቲ ውስጥ እንደ እሳት የሚፋጀው የምግብና የአልጋ ዋጋ፤ የአንድ ዓመት ቁጠባ በአምስት ቀን አለቀ። የለገዳዲ ልጅ ሁሉ ይህን ያድርግ ብል መሳለቅ ነው የሚሆንብኝ። ሊደረግ የሚችለው እዚሁ ነው። ድንጋይ ያወጣ ሰው ጉድጓዱን ይሙላ፤ መሙላት ካቃተው ጠርዙን ደርምሶ ተዳፋት ያድርገው፤ እርሱም ካቃተው ይጠር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም፣ ለገጣፎ ለገዳዲም ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ሆነናል። ያን የሚያህል ከተማ ወገብ የሚደርስ ውኃ ያለው አንድ የሕፃናት ገንዳ በየክፍሉ ቢቆፍር፣ ከድንጋይ ማውጫው ያነሰ ጉድጓድ ነው የሚፈልገው። ልጆቹ እዚያ ዓሣ አያዩም። ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ አለመደንገጥን፣ ቀጥ ብሎ መቆምን ግን ይማራሉ። ያን ለመማር ሦስት ቀን በቂ መሆኑን ላንጋኖ ላይ አይቻለሁ።

ትልቁ ልጄ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ዋናም ያውቃል። መነጽሩን የወሰደው ያ ልብስ ታቅፎ የቆመው ጓደኛው ነው። የእኅቴ ባል ጅቡቲ በሄደ ቁጥር ሌላ ያመጣል፤ አሁን የሰፈሩ ልጆች ስድስት መነጽር አላቸው፤ በሳፋ ነው የሚጫወቱበት።

ባለፈው ነሐሴ ወደ ላይኛው ጉድጓድ አራት ሜትር የባሕር ዛፍ አጣና ይዤ ወጣሁ። ከዳር ሰካሁት፤ ጉልበቴ ጋ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ዘርግቼ ሰካሁት፤ ያው ነው። ሁለተኛው እርምጃ ላይ አጣናው እስከ እጄ ድረስ ገባ፤ መሬት አላገኘም። ከጠርዙ ወዲህ ተከልኩትና የልጄን አሮጌ ቀይ ሹራብ ከጫፉ አሰርኩበት።